ጋቢው ገና ጥጥ ሳለ

በዓል በቀረበ ቁጥር የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ። «ለአባቴ ደህና የፈትል ጋቢ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ፣ ዋጋውን ሰምቼ ተመለስኩ፤ ረከስ የሚልበት ቦታ ታውቂያለሽ?» የሚል። አውቃለሁ፤ መልሱ ግን ሌላ ሱቅ አይደለም። ጋቢ በደህና ዋጋ የሚገኘው ጋቢ ከመሆኑ በፊት፣ ገና ጥጥ ሳለ ነው። ፈትሉን፣ ድሩንና የጥለቱን ክር ለየብቻ ገዝቶ፣ ለሸማኔ የእጁን ከፍሎ ማሠራት ነው ዘዴው። እናቶቻችን እንዲህ ሲያደርጉ ስለኖሩ አዲስ ግኝት አስመስዬ አላወራውም። አብዛኞቻችን ከተማ ከተቀመጥን ወዲህ ግን የዚህን ገበያ ደንብ ረስተነዋል። የቱ ላይ አጥብቆ መከራከር እንደሚገባ፣ የቱ ላይ ደግሞ የተጠራውን ከፍሎ መሄድ እንደሚሻል ጠፍቶናል።

ደንቡ ካልተረሳባቸው አገሮች አንዱ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሻገረውን፣ ሰዉ እስካሁን «የቻይና መንገድ» የሚለውን ጎዳና ስትከተሉ የጉናን ተራራ ታክካችሁ ላይ ጋይንት ትገባላችሁ። የወረዳው ከተማ ነፋስ መውጫ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው አላጋነነም። በደቡብ በኩል ታች ጋይንት አለ፤ ከተማው ዓርብ ገበያ ይባላል። ገበያ ለአገሩ ሰው ምን እንደሆነ ከዚህ ስም በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከዚያ ስማዳ ከነወገዳው፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ እስቴ ከነመካነ ኢየሱሱ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነውና በዙሪያው ለሚኖር ሰው ጋቢ የበዓል ጌጥ አይደለም። ቀን ካፖርት፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ነው። ስማዳና ታች ጋይንት ደግሞ ቁልቁል ወደ በሽሎ በረሃ ስለሚወርዱ ደገኛውና ቆለኛው እዚያው ገበያ ላይ ይገናኛሉ።

ዘመድ ያላችሁ፣ ለሥራ የምትሄዱ፣ ወይም ለክርስትናና ለሰርግ የምትጠሩ ሁሉ አንድ የገበያ ቀን ጨምሩበት። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ የዘመኑ ግዴታ ነው። እዚያ መሄድ ለማይሆንላችሁም የምለው ነገር በደሴም፣ በደብረ ማርቆስም፣ በመርካቶም ይሠራል።

መጀመሪያ ሸማኔ ፈልጉ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ገበያ ወጥቶ ያማረውን ገዝቶ ሲያበቃ ሸማኔ ፍለጋ ይዞራል፤ ሸማኔውም ድሩ አነሰ፣ ማጉ ተረፈ ይለዋል። የተረፈው ገንዘብ ነው፤ ያነሰውን ለመሙላት ደግሞ ሌላ የገበያ ቀን መጠበቅ አለ። ስለዚህ የምትፈልጉትን ንገሩትና ልኩን እሱ ይንገራችሁ። ነጠላ ስሙ እንደሚለው አንድ እጥፍ ነው፤ ኩታ ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ ነው። በእጅ የሚወረወር መወርወሪያ የሚሄደው የሸማኔው ክንድ እስከሚደርስበት ነውና አንዱ ወርድ ሰውን አይሸፍንም፤ ወርዱ ከወርድ ጋር ይሰፋል። ጋቢ ላይ መሐል ለመሐል የምታዩት ስፌት ጉድለት ሳይሆን የእጅ ሥራ ምልክት ነው።

ልክ ስትስማሙ «በማን ክንድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀልድ አይደለም። አንድ ክንድ ወደ ግማሽ ሜትር ነው ይባላል እንጂ የረጅምና የአጭር ሰው ክንድ ሲባዛ ጫፉ ላይ የሚጎድል ነገር አለ። የልብስ ሰፊ ሜትር ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ሸማኔው ፊት አውጥታችሁ አብራችሁ ለኩ፤ አይከፋውም፤ እንዲያውም ከኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድነዋል።

ልኩን ከያዛችሁ በኋላ ወደ ፈትል ተራ ሂዱ። ከእህሉና ከቅመሙ ተራ ወጣ ብሎ፣ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ልቃቂታቸውን በቁና ወይም በነጭ ጨርቅ ላይ የሚዘረጉበት ስፍራ አታጡም። ጩኸት የለበትም። ሻጮቹ አብዛኞቹ ነጋዴ አይደሉም፤ የፈተለችው ራሷ ናት የምትሸጠው።

ልቃቂት ሲመረጥ መጀመሪያ ጫፉን ፈልጋችሁ አንድ ክንድ ያህል ሳቡ። ክሩ አንዴ ወፍሮ አንዴ ሳስቶ የሚሄድ ከሆነ ሸማው እንደ ወንፊት ይሆናል። ትንሽ ማበጥ የእጅ ጠባይ ነው፤ አትፍሩት። የሚያስፈራው መላላት ነው። በሁለት እጃችሁ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ያለ ድምፅ እየተንሸራተተ ከተለያየ ፈትሉ አልከረረም ማለት ነው፤ «ጠብ» ብሎ ከተበጠሰ ደህና ነው። ቀጥሎ ልቃቂቱን ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ፤ ላዩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ውስጥ ወፍራም የሚጠቀለልበት ጊዜ አለ። መጨረሻ አሽትቱት። ጪስ የጠገበ ፈትል ሽታው በእጥበት ይለቃል፤ የቀለሙን መጥቆር ግን ቶሎ አይተውም። ለነጭ ነጠላ አይሆንም፤ ለአባት ጋቢ ግን ምን ቸገረው? ዋጋውም ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል።

እዚህ ተራ ላይ ነው እንግዲህ የከተማ ሰው ዋጋ መቀነስ የሚያምረው። ቀጥሎ ያለውን የሰማሁት አጠገቤ ቆማ ከነበረች ወጣት ገዢ ነው።

«እማማ፣ ትንሽ አይቀንሱልኝም?»

«ምኑን ልቀንስልሽ ልጄ? ከሌሊቱ የትኛውን?»

ልጅቷ የተባለችውን ከፈለች። ሴትዮዋም አላጋነኑም። ፍሬው ከጥጡ በመዳመጫ ይለያል፣ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው ውሃ ተቀድቶ፣ እንጀራ ተጋግሮ፣ ልጅ ተኝቶ ሲያበቃ ነው። በክብረ በዓል ቀን እንዝርት አይነካም፤ በዓላቱም ስንት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። አንድ ሸማኔ እጁን ሳይፈታ እንዲውል የብዙ ሴቶች እንዝርት መሽከርከር አለበት፤ ከጋቢው ላይ ትልቁን ጊዜ የወሰደችው እሷ ናት። ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የምታዩት ዋጋ ውስጥ ግን ከሁሉ ትንሹ ድርሻ የእሷ ነው፤ ከእሷ እስከ ሱቁ ድረስ ያለው እጅ ብዙ ነውና። እናንተ ገበያዋ ድረስ ስትሄዱ የምታተርፉት ይህን የመሐል እጅ ነው። እሱን ካተረፋችሁ በኋላ ከሴትዮዋ ደግሞ ሌላ ለመቀነስ መከራከር፣ አንድ ትርፍ ላይ ሁለቴ እጅ መስደድ ይመስለኛል። ፈትሉ መጥፎ ከሆነ አትግዙ፤ ጥሩ ከሆነ የጠራችውን ክፈሉ። የእኔ ደንብ ይኸው ነው።

ስለ መፍተል ካነሳን አይቀር፤ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ሰዎች የብሥራቱን ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩት። ቅዱስ ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን ሐርና ወርቅ እያስማማች ስትፈትል ነበር ይላል ትውፊታችን፤ ሠዓሊዎቻችንም ብዙ ጊዜ ፈትሉን ከእጇ አይነጥሉትም። ይህን ሥዕል ተሳልሞ ወጥቶ ፈታይዋን «ይህቺማ ምን ሥራ አላት» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጊዜ ያላቸው ጥጡን ራሱን ይገዙና በዘመድ ያስፈትላሉ። እዚህ ላይ ሒሳብ ያስፈልጋል። ፍሬ ጥጥ ከባዘቶ ይልቅ በጣም ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከክብደቱ ብዙው ፍሬው ነው። 3 ኪሎ ፍሬ ጥጥ ቢዳመጥ የሚወጣው ጥጥ ከ1 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የፍሬ ጥጡን ዋጋ በ3 አባዙና የማስዳመጫውን ጨምሩ፤ ያኔ ከተዳመጠው ጋር ይወዳደራል። አንዳንዴ ርካሹ ውድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጥጥ በሚዛን ስለሚሸጥ ውሃ የሚያርከፈክፉበት ነጋዴዎች አይጠፉም፤ እጃችሁን እስከ ጆንያው ሆድ አስገብታችሁ ዳስሱት። መሐሉ ከቀዘቀዘ ወይም ከከበደ የምትገዙት ውሃ ነው። ጥጥ ነጋዴው ላይ እንደፈለጋችሁ ተከራከሩ፤ እሱም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ድሩ ሌላ ነገር ነው። ድር ሙሉ ቀን ተወጥሮ የሚታሽ ክር ስለሆነ ጥንካሬ ይፈልጋል፤ ቀድሞ ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ነበር፤ ዛሬ ግን «የፈትል ጋቢ» የምንለው አብዛኛው ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ደህና ጋብቻ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን የመሳሰሉት ክር ፈታዮች ከመጡ ወዲህ ሸማኔው ድሩን በቱባ መግዛት ለመደ፤ ከመበጠስና ከመቀጠልም ዳነ። ቱባ ስትገዙ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል፤ አንዳንዱ ገዢ ትልቅ ቁጥር ወፍራም ክር ይመስለውና ለጋቢ የነጠላ ድር ይዞ ይሄዳል። የትኛው ቁጥር እንደሚሻል ሸማኔው ነግሯችኋል፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙት። ቱባ የፋብሪካ ዕቃ ነው፣ ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቁ። መንገድ ሲበላሽና መኪና ሲቀር ቶሎ የሚወደደውም ይኸው ነው።

የጥለት ክር ላይ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ቀለሙ ይለቃል አይለቅም? ነጭ መሐረብ በምራቅም ይሁን በውሃ አርጥባችሁ ክሩን ሳብ ሳብ አድርጉበት፤ መሐረቡ ከቀላ ጋቢውም አንድ ቀን መቅላቱ አይቀርም። አረንጓዴና ቀይ ላይ ይህን ሳታደርጉ አትክፈሉ። ሁለተኛ፣ የሚበቃችሁን በአንድ ቀን ከአንድ ነጋዴ ግዙ፤ ትንሽም ይትረፍ። አንድ ዓይነት የሚባል ቢጫ በሳምንቱ ሌላ ቢጫ ሆኖ ይመጣል፤ አንዱ ጫፍ የጤፍ ገለባ፣ ሌላው የመስቀል አበባ ይሆንባችኋል። የወርቅና የብር መልክ ያለው ክር የሚወዱ አሉ። ለሰርግ ቀሚስ እሺ፤ ለጋቢ ግን አንገት ይቧጥጣል፤ እኔ አላስገባበትም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። በየገበያው የጥለት ምስል የታተመበት የውጭ ጨርቅ ሞልቷል። ከሩቅ ሲታይ ጥለቱ ያው ነው፤ ቀረብ ብላችሁ ብትገለብጡት ግን ጀርባው ላይ ፈዟል ወይም ጭራሽ የለም፤ የተሸመነ ጥለት ግን ከጀርባውም ክሩ ይታያል። ለሰው ሠራሽ ክር ደግሞ ከእሳት የበለጠ ዳኛ የለም። ከጠርዙ ሁለት ክር መዛችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፣ የፕላስቲክ ሽታ ይሰጣል፣ ጫፉ ላይ ደረቅ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ነጋዴው ይህን ከከለከላችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል። ሽሮ ሜዳ ላይ «ፈትል»፣ «መነን»፣ «ሳባ» እየተባለ ሲጠራላችሁም እያንዳንዱ የተለየ ጨርቅ፣ የተለየ ዋጋ መሆኑን ያዙ፤ በሳባ ፈትል ነው ብሎ የሚሸጥ ከገጠማችሁ ክብሪቷን አስታውሱ። ሌላም ማታለያ አለ፤ ሸማው በስታርች ደንድኖ ወፍራም የሚመስልበት። በመዳፋችሁ መሐል አጥብቃችሁ እሹት፤ ነጭ ዱቄት ካራገፈ ውፍረቱ አንድ እጥበት አያልፍም።

የታተመውን ጨርቅ ማንም አይግዛ አልልም። ለትምህርት ቤት የባህል ቀን ለሚያድግ ልጅ የፈትል ቀሚስ ማሠራት ቅንጦት ነው። የታተመውን በታተመ ዋጋ ግዙት፤ በቃ። ችግሩ በፈትል ዋጋ ሲሸጥ፣ ወይም ዋጋው መለኪያ ሆኖ «እዚያኛው በግማሽ ይሸጥ የለ» እየተባለ ፈታይዋ ላይ ሲመዘዝ ነው።

ሸማኔው ዘንድ ስትመለሱ ክሩን በሚዛን አስረክቡ፤ የተረፈው እንዲመለስም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእጁን ዋጋ መነጋገር ነውር የለበትም፤ ባለሙያ ከባለጉዳይ ጋር የሚያደርገው ነው። ነውሩ ሌላ ነው። ይህ አገር ሸማኔ ያለበሰውን ለብሶ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ሲል የኖረ አገር ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ስድቡ ከነመልኩ ባይሆን እንኳ ጥላው አለ፤ «የሸማኔ ልጅ» ሲባል የድምፁን ቃና ስሙት።

ወደ ጋይንት በምትሄዱበት በዚያው መንገድ ላይ፣ ወረታን አልፋችሁ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራ አምባ አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር የመሠረታት ማኅበረሰብ ናት፤ የሴትና የወንድ ሥራ የሚባል ነገር የለም ብለው የተነሱ ሰዎች ናቸው። ለእኛ ጉዳይ የሚገርመው፣ በሌላው አገር መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሆኖ ሲኖር እዚያ ወንዱ ሲፈትል፣ ሴቷ ሸማኔ ጉድጓድ ላይ ተቀምጣ ስትሸምን ታገኛላችሁ። መሸጫቸውም እዚያው ነው፤ ጋቢ፣ ነጠላ፣ የአልጋ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ። እያሠራሁ አልጠብቅም ለሚል ሰው መንገድ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይበቃዋል። ሌላው ቢቀር የሠራውን ሰው ፊት አይታችሁ ትገዛላችሁ።

የስፌት ዕቃ ተራ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ደንቡ አጭር ነው፤ ያለ ርኅራኄ ተከራከሩ። መርፌ፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ የመኪና ክር ሁሉ ከአንድ ጅምላ ሻጭ የተነሳ ነው፤ ከወንበር ወንበር የሚለየው የነጋዴው ድፍረት ብቻ ነው። ዚፕ አሥር ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉ። የመኪና ክር በጣታችሁ ዙሪያ ጠምጥማችሁ ንጠቁት፤ በቀላሉ ከተበጠሰ ለስድስት ወር መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው። መርፌ ከፓኮው አንዱን አውጥታችሁ ቀዳዳውን በክር ሞክሩ።

በረንዳ ላይ ሲንጀር ወይም ባተርፍላይ መኪናቸውን ዘርግተው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ጋር ግን ተቀመጡ፤ ሻይም ጋብዙ። ቁራጭ ያለው እነሱ ጋ ነው። ከሱሪ የተረፈ ካኪ፣ ከቀሚስ የተረፈ ፖፕሊን፣ ለገበር የማይበቃ አቡጀዲ፤ በጆንያ ተጠቅጥቆ ማዳበሪያ ሊመስል ምንም አይቀረው። ጨርቅ ነጋዴው ጣቃው ሲያልቅ የምትቀረውን ሜትር ተኩል እንዲሁ በዝቅተኛ ዋጋ ይለቃታል፤ ቀኑ ሊመሽና አህያው ሊጫን ሲል ጠይቁት።

ቁራጩን ምን ታደርጉታላችሁ? እዚህ ላይ አንድ የተጣላነው ቃል አለን፤ ድሪቶ። የድሮ ልብስ ተቆራርጦ፣ ተደራርቦ፣ ላይ በላይ ተሰፍቶ የሚነጠፍና የሚለበስ ነገር ነው። ዛሬ ቃሉ ስድብ ሆኗል፤ «ድሪቶውን ለብሶ» ሲባል ድህነት ነው የሚታየን። ፈረንጆች ይህንኑ ጥበብ ኩዊልት ይሉታል፤ አሜሪካ ሂዩስተን ውስጥ በየዓመቱ ትልቅ ትርዒት ያዘጋጁለታል፤ ሴቶች ከየአገሩ ሻንጣ ይዘው ለቁራጭ ጨርቅ፣ ለክርና ለመርፌ ቅናሽ ይሰለፋሉ። አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ በምትባል ስፍራ ደግሞ የባሮች ዘር የሆኑ ጥቁር ሴቶች ብርድ ሲመታቸው ከተቀደደ የሥራ ሱሪና ከጆንያ ብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖሩ። በ2002 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያ ድሪቶ የሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ቀጥሎም ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ገባ። የተለወጠው ጨርቁ ሳይሆን የሚያየው ዓይን ነው። ለሕፃን አልጋ፣ ለሶፋ ልብስ፣ ለሞግዚት ማዘያ የሚሆን ድሪቶ ከአንድ ከረጢት ቁራጭ ይወጣል፤ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ቀለም መምረጡን ለእነሱ ተዉላቸው፤ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል።

የቀረኝ የጊዜ ነገር ነው፤ ከሁሉ ከባዱም እሱ ነው።

ፈትል የሚወደደው ከሰርግ ወራት በፊት፣ ከፋሲካ በፊትና ለዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። ይህን ማንም ያውቃል። ርካሽ የሚሆንበትን ወር ግን ነጋዴዎች በደንብ ያውቁታል፤ ሐምሌና ነሐሴ። ክረምት ስለሆነ ገዢ ይቀንሳል፤ እሱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ጎተራ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለዓመታት በሴፍቲኔት ሲረዱ የቆዩ ወረዳዎች ናቸው፤ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ አፈሩ ታጥቧል፣ ማሳው ጠቧል። ያለፈው ዓመት እህል የሚያልቀውና አዲሱ ያልደረሰው በእነዚህ ወራት ነው። ያኔ ሴትዮዋ ልቃቂቷን ይዛ ገበያ የምትወጣው ዋጋ ደህና ስለሆነ አይደለም፤ ማታ የሚበላ ስለሌለ ነው። ይዛ መመለስ አትችልም፤ ገዢውም ይህን ፊቷ ላይ ያነበዋል። በነሐሴ ፈትል ሰብስቦ በጥር የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉን የሚያገኘው ከንግድ ብልሃት ነው ይባላል። እኔ ሌላ ስም አለኝ፤ መጽሔት ላይ ግን አይጻፍም።

ታዲያ በነሐሴ አንግዛ ወይ? እንዲያውም ግዙ። በዚያ ወር ገዢ መጥፋቱ ነው የሚጎዳት። የምመክረው ጥር ላይ ስንት እንደተሸጠ አገር ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ በዚያ ዋጋ እንድትገዙ ነው። ያን ከፍላችሁም ቢሆን ከአዲስ አበባ ሱቅ ዋጋ በታች ናችሁ፤ ስለ መሐሉ እጅ ያልኩትን አትርሱ። የቻላችሁ ደግሞ ከአንዲት ፈታይ ጋር ተዋወቁ፤ ለፋሲካ የምትፈልጉትን በመስከረም ንገሯት፤ ቀብድ ስጧት፤ ጥጡን እናንተ ግዙላት። እሷ ያለ ጭንቀት ትፈትላለች፤ እናንተም ሳይላላና ሳይቆራረጥ የተፈተለ አንድ ወጥ ማግ ታገኛላችሁ። ሸማኔዎች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው፤ ከአሥር ሰው የተለቃቀመ ፈትል ሸማው ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያልና።

በነሐሴ የምትሄዱ ሰዎች ወፍራም ፌስታልና ደረቅ ጨርቅ መያዝ እንዳትረሱ። ዝናብ የነካው ልቃቂት ታፍኖ ካደረ ይሻግታል፤ ነጭ የነበረው ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ደግሞ በበረኪናም አይለቅም። ማደሪያችሁ እንደደረሳችሁ ዘርጉት። ጋይንት ከሆናችሁ ነፋሱ በነፃ ነው።